ሮዝ የሆነው ፕሌት የት ገባ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ የጋዜጣችሁ የቆየሁ አንባቢ ነኝ፣ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ላብ ቴክኒሽያን ሆኜ ስሠራ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ስለ አፈር ስታወጡ አንድም አያመልጠኝም፤ ማዳበሪያ ዘገየ፣ አፈሩ ኮመጠጠ፣ ኖራ አልደረሰም፣ እርከን ተሠራ፣ ይኼ ሁሉ ልክ ነው፣ የገበሬ ልጅ ነኝና ይገባኛል። ግን አፈር ማለት እህል የሚበቅልበት ነገር ብቻ ተደርጎ ሲወራ ትንሽ ያበሳጨኛል፣ እኔ በየዓመቱ ከአፈር ሲወጣ የማየው ጤፍና በቆሎ አይደለማ፣ ባክቴሪያ ነው፣ ከባክቴሪያውም ለመድኃኒት የሚሆን ኢንዛይም። ስለሱ የሚጽፍ የለም፣ ከተጻፈም "ተገኘ!" ይባልና በዚያው ያልቃል። የኔ ጉዳይ ከ"ተገኘ" በኋላ ያለው ነው። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ፣ ከረዘመባችሁ መሀሉን ቁረጡት፣ የክሊራንሱን (ተማሪ ከግቢ ሲወጣ ዕዳ የለበትም ተብሎ የሚፈረምለትን ወረቀት) ነገር ብቻ አትቁረጡብኝ።

ለማያውቀው ሰው ከሽታ ልጀምር። ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል ከደረቀው መሬት የሚነሳውን ሽታ ታውቁት የለ? እናቴ "መሬቱ ተነፈሰ" ትላለች። የዚያ ሽታ ዋናው ጂኦስሚን የሚባል ነገር ነው፣ የሚሠሩትም አፈር ውስጥ የሚኖሩ ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከነሱው ወገን ነው እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ስትሬፕቶማይሲን የወጣው፣ የሳንባ ነቀርሳን የመታው የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ። ያገኘው አልበርት ሻትዝ የሚባል ተማሪ ነው፣ በሴልማን ዋክስማን ላብ፤ በ1952 ኖቤሉን ዋክስማን ብቻውን ወሰደው። (ይሄን ሳወራ ተማሪዎቹ ይስቃሉ፣ አድቫይዘሮቹ አይስቁም።) ጃፓንም ሳቶሺ ኦሙራ ጎልፍ ሜዳ አጠገብ ከተነሳ አፈር ያገኘው ባክቴሪያ ነው አይቨርሜክቲንን ያመጣው፣ መተከልና አዊ ቆላ ላይ ዓይን ለሚያሳውረው ለኦንኮ በሽታ ሰው ቁመቱ በእንጨት እየተለካ የሚሰጠው ክኒን ማለት ነው። አያችሁ፣ የጃፓን አፈር የኛን ገበሬ ዓይን ያድናል።

እነዚህ ግን ኢንዛይም አይደሉም። ኢንዛይም ምንድነው ለሚል ጠላ የጠመቀች እናት ብትጠየቅ ይሻላል፣ ብቅል ለምን እንደሚገባ ታውቃለችና። ገብሱ ሲበቅል የሚያወጣው ኢንዛይም ነው ስታርቹን ቆራርጦ ስኳር የሚያደርገው፣ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ሁሉ የሚሆነው። እያንዳንዱ ኢንዛይም የሚቆርጠውን ነገር ለይቶ ያውቃል፣ ሌላውን አይነካም፣ ለመድኃኒት የተፈለገውም ለዚሁ ጸባዩ ነው።

እኛ ላብ ተማሪ ሁሉ የሚሻማበት ኤል-አስፓራጂኔዝ የሚባለው ነው። አስፓራጂን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ሰብሮ አስፓርቲክ አሲድና አሞኒያ ያደርገዋል፣ በቃ ሥራው ይሄው ነው። ጤነኛ ሴል አስፓራጂን ከደም ቢያጣ ራሱ ሠርቶ ይኖራል፤ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የሚባለው፣ ሕፃናትን የሚይዘው የደም ካንሰር ሴል ግን አብዛኛውን ጊዜ ለራሱ የሚበቃ መሥራት ስለማይችል ከደም እየለቀመ ነው የሚያድገው፣ ኢንዛይሙ ደሙ ውስጥ ገብቶ ያችን ሲጨርስበት በረሃብ ያልቃል። ነገሩ የታየው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፣ ጆን ኪድ የሚባል ሰው የጊኒ ፒግ ሴረም (ደሙ ሲረጋ የሚቀረው ፈሳሽ) ሲወጋላቸው የአይጦቹ ካንሰር ሲጠፋ አየ፣ ለምን እንደሆነ ግን ግራ ገብቶት ቀረ፣ የኢንዛይሙ ሥራ መሆኑ የታወቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጊኒ ፒግ እያረዱ መድኃኒት ማምረት አይቻልምና ወደ ባክቴሪያ ዞሩ፣ አንጀት ውስጥ በሚኖረው ኢ. ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ ተገኘ፣ በ1978 አሜሪካ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። ዛሬ በዓለም ላይ ለዚህ ካንሰር የሚታከም ልጅ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር ይሄንንም ይወስዳል።

ይሄን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። የጎረቤቴ ልጅ በሰባት ዓመቱ ይሄው በሽታ ያዘውና አባቱ አዲስ አበባ ይዞት ወጣ። ሕክምናው ሲጀመር አንዱ መድኃኒት አለቀ ተባለ፣ የትኛው ብዬ በስልክ ስጠይቀው ስሙን ፊደል በፊደል አነበበልኝ፣ አስፓራጂኔዝ! እኔ ላብ ውስጥ በየሴሚስተሩ የምሰማው ስም። ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮ አጣ፣ በመጨረሻ ውጭ ያለ ዘመድ በመንገደኛ ላከለት፣ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ካልሆነ ስለሚበላሽ በረዶ በተሞላ ፔርሙዝ ውስጥ፣ ሻይ የምንቀዳበት ዓይነት ፔርሙዝ። ሰውየው ኤርፖርት ቆሞ ፔርሙዟን እንደ ታቦት አቅፎ እንደተቀበላት አሁንም ሲያወራው እንባው ይመጣል። ልጁ ድኗል እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ኳሱ መስኮቴን ሰብሯል።

የኢ. ኮላዩ ኢንዛይም አንዳንዱን ልጅ አለርጂ ያስነሳበታል። ለነዚያ ልጆች ሌላ አስፓራጂኔዝ አለ፣ የሚገኝበትን ባክቴሪያ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ ድንች የሚያበሰብሰው ነው። ኤርዊኒያ ይባል ነበር፣ አሁን ስሙን ዲኬያ ብለውታል። ጓዳ የተከመረ ድንች መሀል አንዱ ልስልስ ብሎ እንደ ንፍጥ ሲሆንና ቤቱን ሲያሸተው አላያችሁም? አዊም ሆነ ጮቄ ሥር ድንች የሚያመርት ሁሉ ይሄን ሽታ ያውቀዋል፣ እያማረረ አውጥቶ ይጥለዋል። እንግሊዞች ከዚያ ባክቴሪያ መድኃኒት አወጡ። በ2021 ደግሞ አሜሪካ አዲስ ዓይነቱን ስትፈቅድ የሚመረተው ሱዶሞናስ ፍሉረሰንስ በሚባል ባክቴሪያ ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ የለየለት የአፈር ነዋሪ ነው፣ ከማሳችሁ አንድ እፍኝ ብትዘግኑ አብሮ የሚዘገን ዓይነት። ታዲያ እኛ ተማሪ "አፈር ላይ ልሥራ" ሲል የሚስቅበት ለምንድነው?

ወደ ላብ ልግባ። አፈር ማንሳት ራሱ ሥራ ነው። የላዩ ቅጠልና ገለባ ይጠረግና አሥር አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ይቆፈራል፣ በአልኮል በተጠረገ ማንኪያ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ ቀኑና ቦታው ይጻፍበታል (የማይጽፉ አሉ፣ ኋላ "ይሄ የደምበጫው ነው የቡሬው?" እያሉ የሚያለቅሱ)። ላብ ሲደርስ አንድ ግራሙ ዘጠኝ ሚሊ ሊትር ጨው ያለው ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ ከዚያ አንድ ሚሊ ተቀድቶ ሌላ ዘጠኝ ውስጥ፣ ከሱም ሌላ ዘጠኝ ውስጥ፣ እንዲህ አምስት ስድስት ጊዜ ይቀጥናል። ለአዲስ ተማሪ አቦል ቶና በረካ ብዬ ነው የማስተምረው፣ በረካውም አልቆ ጀበናው ውሃ ብቻ እስኪሆን። አንድ ግራም አፈር ውስጥ ባክቴሪያው በመቶ ሚሊዮን ሊቆጠር ስለሚችል ካልቀጠነ ፕሌቱ (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ክዳን ያለው ትንሽ ሳህን) ላይ እንደ ገብስ ማሳ ድፍን ብሎ ይበቅላል፣ ማን ከማን ይለያል።

ከዚያ ዋናው ፕሌት። ለባክቴሪያው ናይትሮጅን የሚሆነው አስፓራጂን ብቻ ነው፣ ሌላ አይሰጠውም፣ ከበላ በላ ካልበላ ጾሙን ያድራል። ፌኖል ሬድ የሚባል ቀለም ይጨመርበታል፣ አጋሩ፣ ፕሌቱ ላይ የሚረጋው ጄሊ የመሰለው የባክቴሪያ መኖ፣ ኮምጠጥ ያለ ሲሆን ቢጫ ነው። አስፓራጂኑን የሚሰብር ባክቴሪያ ካለ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያው ኮምጣጣነቱን ያጠፋዋል፣ ቢጫው በኮሎኒው (ባንድ ላይ በተከማቸው የባክቴሪያ ጉብታ) ዙሪያ ሮዝ ይሆናል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ዕቃ ሳጥብ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ኢንኩቤተሩን፣ ባክቴሪያው የሚሞቅበትን ሳጥን፣ ከፍታ "እትዬ! እትዬ ይምጡ ይዩት!" ብላ ጮኸች፣ እሳት የተነሳ መስሎኝ እጄ ሳሙና እንደሆነ ሮጥኩ። ሃያ ምናምን ቢጫ ፕሌት መሀል አንዷ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለች ኮሎኒ፣ የተልባ ፍሬ የማታክል፣ በዙሪያዋ ቀለበት የሚያክል ሮዝ። ልጅቷ አለቀሰች። እኔም እውነት ለመናገር ዓይኔን አሸሁ፣ ሳሙናው ነው ብያታለሁ።

ሮዝ ሁሉ ግን አስፓራጂኔዝ አይደለም፣ ይሄን ስናገር ደስታ አበላሺ እባላለሁ። በሌላ ምክንያት ፒኤች ከፍ የሚያደርግ (ኮምጣጣነቱን የሚቀንስ) ባክቴሪያም ሮዝ ያደርጋል፣ ስለዚህ አስፓራጂን የሌለው ፕሌት ጎን ለጎን መሠራት አለበት፣ እዚያም ሮዝ ከሆነ ውሸት ነው። ከዚያ አሞኒያው በኔስለር ሪኤጀንት ይለካል፣ እሱ ደግሞ ሜርኩሪ ያለበት ክፉ ነገር ነው፣ ያለ ጓንት አይነካም፣ ሲንክ ላይ አይደፋም። ኢንዛይሙ ግሉታሚን የሚባለውን ሌላ አሚኖ አሲድም አብሮ የሚሰብር ከሆነ በሽተኛው ላይ ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ እሱም ይታያል። ይሄ ሁሉ አልፎ እንኳ መድኃኒት ሆነ ማለት አይደለም፣ ማጣራት አለ፣ እንስሳ ላይ አለ፣ ሰው ላይ አለ፣ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ነው። የኛ ላብ መድኃኒት አይሠራም፣ እንሠራለን ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። እኛ የምንችለው በሩን ማንኳኳት ነው።

የኮመጠጠው አፈራችንም ላብ ድረስ ይከተለናል። ከእንጅባራ፣ ከባንጃ፣ ከማቻከል የሚመጣው ቀይ አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ ፕሌቱን ሻጋታ ይወርሰዋል፣ ስትሬፕቶማይሲሶቹ ብቅ አይሉም። ዘዴው ምን መሰላችሁ፣ አፈሩን ከካልሲየም ካርቦኔት ጋር ለውሶ እርጥብ አድርጎ ጥቂት ቀን ማቆየት ነው፣ ያኔ እነሱ ይበዛሉ ሻጋታው ይቀንሳል። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነውን ኖራ እኛ በማንኪያ ማለት ነው። አንድ ተማሪ ይሄን ቤቱ ሄዶ ለአባቱ ሲነግር "እናንተስ ኖራው በጊዜ ደረሳችሁ?" አሉት አሉ።

ከሁሉ የሚሻለው አፈር ግን የደብር ነው። ማሳውና ግጦሹ ተራቁቶ ከሩቅ እንደ አረንጓዴ ደሴት የሚታየው የቤተክርስቲያን ደን፣ ወይራውና ጽዱ፣ ብሳናውና ዋንዛው፣ ሥሩ ያለው አፈር መቶ ዓመትም ከዚያም በላይ ማረሻ ያልነካው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁለት ተማሪዎች ጋር ሄድን። ዘለን አልገባንም፣ አስቀድመን አስተዳዳሪውን አስፈቀድን፣ ጫማ አውልቀን። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ ማንኪያችንንና ፌስታላችንን አይተው "ልጄ፣ እምነት ልትወስዱ ነው?" አሉኝ። እምነት መቼም የማያውቅ የለም፣ ከደብሩ ተወስዶ የታመመ የሚቀባው አፈርና አመድ። "አይ አባ፣ ለጥናት ነው፣ አፈር ውስጥ መድኃኒት የሚሠሩ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች አሉ" አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው "እሱማ መኖሩን እኛም ይዘነዋል" አሉ። መልስ አጣሁ። በኋላ አንብቤ ምን አገኘሁ፣ ሰሜን አየርላንድ ቦሆ የሚባል ቦታ ሰዎች ከቤተክርስቲያን ግቢ አፈር ወስደው በጨርቅ ጠቅልለው ለሕመም ሲጠቀሙ ኖረዋል፣ በ2018 ተመራማሪዎች ያንን አፈር አይተው ብዙ መድኃኒት የማይበግራቸውን ጀርሞች የሚያጠቃ ስትሬፕቶማይሲስ አገኙበት።

ቶሎ ብዬ ላስጠንቅቅ ግን፣ ይሄን አንብቦ ቁስሉ ላይ አፈር የሚያደርግ እንዳይኖር። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ባክቴሪያ ቤቱ አፈር ነው። እንዲያውም ክፉውና ደጉ አንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ ክሎስትሪዲየም ሂስቶሊቲከም የሚባለውን ውሰዱ፣ በ1916 በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ከቆሰሉ ወታደሮች ሥጋ የተለየ አረመኔ ነው፣ የቆዳና የጅማት ማያያዣ የሆነውን ኮላጅንን የሚበላው ኢንዛይሙ ግን ዛሬ ተጣርቶ የተቃጠለ ሰው ቁስል ላይ የሞተውን ሥጋ ለማጽዳት፣ የእጅ ጣት ታጥፎ አልዘረጋ ሲልም በመርፌ ይሰጣል። የሚያጣራው ላብ ነው እንጂ መዳፍ አይደለም። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድም ዝሆኔ እንደሚያመጣ ደምበጫና ደብረ ኤልያስ ያለ ሰው ሊነገረው አይገባም።

ቄሱ ስንወጣ አንድ ነገር ጠየቁኝ። "ያገኛችሁትን መጥታችሁ ትነግሩናላችሁ?" እንነግራለን አልኩ። አልነገርንም። ለምን አልነገርንም፣ እዚህ ላይ ነው ደብዳቤውን ያስጻፈኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ነው። ዓርብ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ሰኞ በዓል ነበር። ጀነሬተሩ ናፍጣ የለውም፣ ናፍጣው በግዢ ነው፣ ግዢ የሚፈርመው ሰውዬ አገር ቤት ሄዷል፣ ማክሰኞ ጠዋት ላቡን ስከፍት ፍሪዘሩ ሥር ወለሉ ኩሬ ሆኗል። ስልሳ አንድ ትንንሽ ቲዩብ ነበር ውስጡ፣ ቅዝቃዜው ባክቴሪያውን እንዳይገድለው በግሊሰሮል የተቀመጠ፣ የሦስት ዓመት የተማሪ ልፋት፣ የዚያች ያለቀሰችው ልጅም ሮዝ እዚያው ውስጥ ናት። ያበሳጨኝ መቅለጡ ብቻ አይደለም፣ የቀለጠ ግሊሰሮል ውስጥ ባክቴሪያው ሁሉ ወዲያው አይሞትም፣ አንዳንዱ ይነሳል። ግን ስሙ የተጻፈው በማርከር ነዋ! በረዶው ሲሟሟ ቀለሙ ታጥቦ ሄደ፣ የፕላስተሩ ወረቀት ተላቆ ሥር ላይ ተለጥፏል። ዘጠኙን አስነሳሁ፣ የማን እንደሆኑ፣ ከየት ቦታ እንደመጡ፣ የትኛው ሮዝ እንደነበር አንድም አላውቅም። ልጅቷ ተመርቃለች፣ ቴሲሷ በጥቁር ጥራዝ ላይብረሪ ተደርድሯል፣ ገጽ አርባ ምናምን ላይ የፕሌቱ ፎቶ አለ፣ ያውም ጥቁርና ነጭ ፕሪንት ስለሆነ ሮዙ አይታይም።

የኛ ላብ ብቻ አይደለም እኮ። ሌላም ቦታ ያሉ ቴክኒሽያኖች ስንገናኝ የምናወራው ይሄንኑ ነው። ተማሪ ያገኛል፣ ዲፌንስ ያደርጋል፣ ኤ ያገኛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ባክቴሪያው ይሞታል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ "ከጎጃም አፈር አስፓራጂኔዝ የሚያመርት ባክቴሪያ መለየት" ብሎ ፕሮፖዛል ያስገባል፣ ከዜሮ። ያው አፈር፣ ያው ፕሌት፣ ያው ሮዝ።

ባክቴሪያው በወጉ የሚቀመጥበት አገር ምን እንደሚሆን አንድ ታሪክ ልጨምር። ቶማስ ብሮክ የሚባል አሜሪካዊ በ1960ዎቹ የሎውስቶን ፓርክ ከፍል ውሃ ውስጥ ቴርመስ አኳቲከስ የሚባል ባክቴሪያ አገኘ፣ በ1969 ጻፈው። ያኔ ለምንም የሚጠቅም አልነበረም፣ ዝም ብሎ "ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚኖር አለ" ነው። ግን ባክቴሪያውን አሜሪካን ታይፕ ካልቸር ኮሌክሽን የሚባለው ማኅደር ውስጥ አስቀመጠው። ኋላ በ1980ዎቹ ኬሪ ሙሊስ ፒሲአርን፣ ዲኤንኤን እያሞቁ የማባዛት ዘዴን፣ ሲያመጣ ሙቀት የማይበግረው ኢንዛይም ተፈለገ፣ ድርጅቱ ወደ የሎውስቶን አልሄደም፣ ከማኅደሩ አዘዘ፣ መጣለት። ለኮሮና አፍንጫችን ውስጥ እንጨት እየተከተተ የተመረመርነው ምርመራ የመጣው በዚያ መንገድ ነው። ብሮክ ላብ መብራት ጠፍቶ ማርከሩ ታጥቦ ቢሆንስ?

ሌላው የሕጉ ነገር ነው። የባክቴሪያውን ዘር ለይቶ ለማወቅ ዲኤንኤው መነበብ አለበት፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ መላክን ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፣ የአገር የዘር ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ፣ ጥቅም ከተገኘም ለማኅበረሰቡ እንዲደርስ የሚል፣ ባክቴሪያም በዚህ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ተማሪ "አንድ ቲዩብ ምን ያመጣል" ብሎ በመንገደኛ ኪስ ይልካል። ምን እንደሚያመጣ ኬንያን ጠይቁ፣ ከቦጎሪያ ሐይቅ የተወሰዱ ባክቴሪያዎች ኢንዛይማቸው ውጭ አገር ጂንስ ማንጫና ሳሙና ውስጥ ገብቶ ሲሸጥ ነው ጭቅጭቁ የተነሳው። እኛስ የጤፉን ጉዳይ ረሳነው እንዴ፣ ሆላንድ ውስጥ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ወጥቶ እዚያው ፍርድ ቤት እስኪሽረው ስንት ዓመት ፈጀ። የራሳችን ቲዩብ ላይ ስምና ቦታ ካልተጻፈ፣ ነገ የኛ ነው የምንለው በምን ማስረጃ ነው?

አሁን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ተማሪ የላይብረሪ መጽሐፍ ሳይመልስ ክሊራንስ አያገኝም። የጂም ካርድ፣ የዶርም ቁልፍ፣ የመኝታ ፍራሽ ሳይመልስ ክሊራንስ አያገኝም። የመንግሥት አጋር በልቶ፣ የደብር አፈር ቆፍሮ ያገኘውን ባክቴሪያ ሳያስረክብ ግን ክሊራንሱ ይፈረምለታል። እባካችሁ የክሊራንሱ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጨመር፣ ባክቴሪያውን ሁለት ቦታ አስረክቧል የሚል፣ አንዱ እዚሁ፣ አንዱ አዲስ አበባ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ የማይክሮብ ክፍል አላቸውና። በጀት አያስፈልገውም፣ አንድ ፊርማ ነው። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም እንጅባራም ያላችሁ ኃላፊዎች ይሄን ጋዜጣ እንደምታነቡ አውቃለሁ፣ ሻይ ቤት ሳያችሁ።

መብራት ይጠፋል፣ ፍሪዘር የለንም የምትሉ ደግሞ፣ እኔ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። አሮጌ ዘዴ ነው፣ መጽሐፍ ላይ ያለ። ስትሬፕቶማይሲስ ስፖር፣ ድርቀት የሚችል እንደ ዘር ያለ ነገር፣ ስለሚሠራ ደረቅ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ቀይ አፈር ነፍቼ፣ ከክሊኒክ በለመንኩት የመርፌ ብልቃጥ ውስጥ ሲሶውን ሞላሁ፣ ሦስት ቀን በተከታታይ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ከተትኩት ውስጡ ያለው ሁሉ እስኪሞት፣ አደረቅሁት፣ ከዚያ የባክቴሪያውን ስፖር በትንሽ ውሃ ጠብ አድርጌ እንደገና አድርቄ ከደንኩት። ስሙ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ያገኘው ተማሪ፣ በእርሳስ፣ በማርከር አይደለም፣ እርሳስ ውሃ አያጥበውም። አንድ ቅጂ ወረቀት ብልቃጡ ላይ፣ አንዱ ደብተር ላይ። ብልቃጦቹ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፣ እርጥበት እንዳይገባ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን የሲሊካ ከረጢት ከሰፈር ሰው ለምኜ ጨምሬበታለሁ። አሁን ሠላሳ አራት ደርሰዋል። ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ መብራት ቢጠፋ ግድ የለኝም። ስፖር ለማይሠሩት ይሄ አይሆንም፣ ለነሱ ፍሪዘር ግድ ነው፣ እሱንም አልደብቅም።

ባለፈው ጥር ሦስቱን አውጥቼ ሞከርኳቸው፣ አምስት ዓመት የሞላቸውን። ከእያንዳንዱ የጨው ቁንጥር የምታክል አፈር ፕሌት ላይ በተንኩ፣ ሃያ ስምንት ዲግሪ ላይ ሳምንት ተውኳቸው። አንዱ ምንም አላበቀለም፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን እየፈተሽኩ ነው። ሁለቱ ግን ነጭ ዱቄታቸውን ለብሰው ብቅ አሉ፣ ወደ አስፓራጂኑ ፕሌት ሳዛውራቸው አንዱ በስድስተኛው ቀን ዙሪያውን ሮዝ አደረገ። አስፓራጂን የሌለበት ፕሌት ላይ ቢጫው እንዳለ ነው። ደብተሩን ገልጬ ከየት እንደመጣ አየሁ፣ የዚያ ደብር ነው፣ በሁለተኛው ጉዟችን ከወይራው ሥር ያነሳነው። ቄሱ አሁንም በሕይወት አሉ ብለውኛል፣ መንገዱ ሲከፈት ፕሌቱን በፎቶ ይዤ ልሄድ ነው፣ በከለር ያሳተምኩት።

አክባሪያችሁ፣
የላብ ቴክኒሽያን፣ ከጎጃም